አልጋ የማያሳልፈው በር

ውድ እታለም፣

ባለፈው ሰኞ ደውለሽ «ሥራችንን ለክፍለ ሀገር ልጆች ሰጡት፤ ማን እንደሆኑ እንኳ የሚያውቅ የለም» ስትዪኝ፣ «አይዞሽ፣ ያልፋል» አልኩሽ። ከዚያ ስለ ጉንፋንሽ ጠየቅኩሽ። ስልኩን ስዘጋ ከጎኔ ያሉት «ማን ነበር?» አሉኝ። «እህቴ» አልኩ። ይህ እውነት ነው። ያልነገርኩሽ እውነት ደግሞ የክፍለ ሀገር ልጆች የተባልነው እኛ መሆናችን ነው።

ቢሮአችንን ታውቂዋለሽ፤ የድሮው የእህል መጋዘን ፎቅ ላይ ያለው። አንቺ ስታዪው ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ድመት ነበረን። አሁን አሥራ አራት ሰው ሆነናል፤ ድመቷ ብቻ እድገት አላገኘችም። ጠዋት ከዋና ከተማ የሕንፃ ረቂቅ ይመጣል፣ ከቀናት በኋላ የተጠናቀቀ ፕላን ሆኖ ይመለሳል። ባለፈው ወር አንድ ባለሥልጣን መጥተው «የእውቀት አገልግሎት ወደ ክልል እየተስፋፋ ነው» ብለው ንግግር አደረጉ። አጨበጨብን። ከየት ተነሥቶ እንደሚስፋፋ የጠየቀ አልነበረም። እኔ ግን አውቅ ነበር፤ ካንቺ ጠረጴዛ ተነሥቶ ነው።

ድርጅታችሁ ለሙከራ የላከልን የሆስፒታል ፕላን ያንቺ መሆኑን ገና የመጀመሪያውን ገጽ ስከፍት ለየሁት። ለመጠን ማሳያ ደረጃ አጠገብ ሰው ስትስዪ ዣንጥላ የምታስይዢው አንቺ ብቻ ነሽ፤ ጣሪያ ሥር ለቆመ ሰው ጭምር። እርሳስ አያያዝ ያስተማርሽኝም እሱን እንድስል እያደረግሽ ነበር። የዚያኑ ቀን ደውዬ «እታለም፣ ከእኛ ጋር እያወዳደሩሽ ነው» ማለት እችል ነበር። ባለዣንጥላውን ሰውዬ ከፕላኑ ላይ አጠፋሁና ሥራዬን ቀጠልኩ። የእናንተ ክፍል በሦስት ሳምንት የሚጨርሰውን በስድስት ቀን አስረከብን። ክፍላችሁ የተዘጋው ከዚያ በኋላ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሆስፒታሉን የሚያሠራው ፎርማን ደወለ።

«ኢንጂነር፣ በሽተኛው በእግሩ ነው እንዴ የሚወጣው?»

«የቱ በሽተኛ?»

«አልጋ ላይ ያለው ነዋ። በሩ አልጋ አያሳልፍም። ወይስ አልጋውን እንቁረጠው?»

«በሩ መደበኛ ልክ ነው» አልኩት።

«ለጓዳ ከሆነማ መደበኛ ነው፣ ወንድሜ።»

ያንቺን ፋይል ከፍቼ አየሁ። በሩን አንድ ሜትር ከሃያ አድርገሽ፣ ከጎኑ በደቃቅ ጽሑፍ «አልጋ ከነአስታማሚው» ብለሻል። እኛ ጊዜ ለመቆጠብ በሮችን ሁሉ በአንድ የኮምፒውተር ትእዛዝ እኩል እናደርጋቸዋለን፤ ማስታወሻሽም በዚያው ተጠርጎ ሄዷል። አሥራ አራታችንም ፈጣኖች ነን። አልጋ ገፍቶ የሚያውቅ ግን ከመካከላችን የለም። እማዬ ስትታመም ሁለት ወር ሙሉ የገፋሽው አንቺ ነሽ። እኔ ፈተና ነበረብኝ።

ሰባት በር እንደዚያ ሆኖ ተሠርቷል፤ ሊፈርስ ነው። ትናንት ለሥራ አስኪያጃችሁ ጻፍኩ፦ ስሕተቱ የእኛ ነው፣ ትክክለኛው ፕላን ያንቺ ነው። ውሉን ሊያቋርጡብን ይችላሉ። ለቢሮው ልጆችም ሁሉንም ነገርኳቸው። አንዷ፣ «ታዲያ ጋሼ፣ ከመጀመሪያው ለምን እሷን አብራን እንድትሠራ አልጠየቅካትም?» አለችኝ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር፣ እታለም፤ ፈሪ ነበርኩ።

ውሉ ከተረፈ፣ ያላንቺ ፊርማ አንድ ወረቀት ከዚህ ቤት እንዳይወጣ እፈልጋለሁ። እዚያው ቤትሽ ሆነሽም ይሆናል፤ ሥራው ወደ እኛ የመጣበት መሥመር ወደ አንቺም ይመለሳል። ውሉ ባይተርፍም ይህን ደብዳቤ እልከው ነበር። እምቢ ማለት መብትሽ ነው፤ ስድብ ካለበትም ሳትቀንሺ ንገሪኝ።

ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ ሆስፒታሉ እሄዳለሁ። ፎርማኑን አንድ አልጋ እንዲያቆይልኝ ለምኜዋለሁ። «ምን ልታደርግበት?» አለኝ። በሮቹ ሲሰፉ በሰባቱም እየገፋሁ ላሳልፈው ነው። አንድ ሰው እላዩ ላይ እንዲተኛበትም ጠይቄያለሁ፤ ባዶ አልጋ መግፋት ምንም እንደማያስተምረኝ ገብቶኛል።

ዘግይቶ የሚማረው ታናሽሽ