በእኛ ቤት የወደቀ የለም

ውድ ጠመኔ፣

ተማሪዎችሽ ያወጡልሽን ስም እኔም ወረስኩት፤ ብትቆጪም ሩቅ ነሽ፣ ምን ታመጪያለሽ! አክስታችን እንዴት ይዛሻለች? ክፍል ውስጥ፣ ልጆቹ ፊት ራስሽን ስተሽ ከወደቅሽ በኋላ እናታችን «ትንሽ ቀን አርፋ ትመለስ» ብላ ወደ እሷ ላከችሽ። ትንሹ ቀን ይኸው ወር አለፈው። ርእሰ መምህሩ ባለፈው መንገድ ላይ አስቁሞኝ «ትመጣለች ወይስ በቦታዋ ሌላ ሰው ልቅጠር?» አለኝ።

አሁን የያዝኩትን ሥራ ብነግርሽ ትስቂያለሽ። የሚጥል በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነሳበት ሰው በየሰፈሩ ምን ያህል እንደሆነ ለምታጠና ሐኪም ቤት ለቤት እየዞርኩ እጠይቃለሁ። ገበያው ዙሪያ፣ ፋብሪካው ጀርባ፣ ከዚያም በሩ ሁሉ ዘበኛ ያለበት ሰፈር። መጀመሪያ «የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አለ?» እያልን ነበር የምንጠይቀው። ገበያው ዙሪያ ጥቂት ሰዎች አገኘን፤ ባለዘበኛው ሰፈር ግን አንድም የለም። እንዲያውም አንዲት ሴትዮ ውሻ ሊለቁብኝ ምንም አልቀራቸው። ሐኪሟ ያመጣነውን አይታ ሳቀች።

«ወይ በሽታው ዘበኛ ይፈራል፣ ወይ እኛ መጠየቅ አናውቅም» አለች።

ከዚያ ወዲያ የበሽታውን ስም መጥራት ተውን። «ድንገት ወድቆ፣ ተንዘፍዝፎ፣ ሲነቃ የሆነውን የማያስታውስ ሰው አለ? አንድ ጊዜም ቢሆን?» እያልን ወደዚያው ሰፈር ተመለስን። የሰዉ አፍ ተፈታ።

አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። «እኔ ራሴ» አሉ በመጨረሻ። «ፂሜን ስላጭ። ወጣት ነበርኩ። ደግሞ አልመጣብኝም።» ባለቤታቸው አጠገባቸው ቆመው ነበር።

«ለእኔ ሳትነግረኝ?»

«ትሄጂብኛለሽ ብዬ ነዋ።»

«ይኼን ሁሉ ዓመት ብቻህን ስትፈራ ኖርክ?» አሉና የባላቸውን እጅ ያዙ። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ መግቢያ አጣሁ።

ይህን እራት ላይ ለእናታችን አወራሁላት። ታውቂያት የለ፣ ነገር ከከነከናት ሳህን ታጥባለች። የታጠበውን ሁሉ ደግማ አጠበችው።

በማግስቱ ተራው የእኛ ሰፈር ነበር። የራሴን ቤት መጠየቅ ስለማይፈቀድልኝ ባልደረባዬ ሄደ፤ እኔ ከማዶ ቆሜ አያለሁ። እናታችን በሩን ገርበብ አድርጋ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«በእኛ ቤት የለም» አለችና ዘጋችው።

ላንቺም፣ ለእሷም አዘንኩ። ጎረቤቶቻችን ደግሞ እንደ ልማዳቸው ደጃፍ ላይ ወጥተው ጆሯቸውን አቁመዋል።

ባልደረባዬ የሚቀጥለውን በር ሳያንኳኳ የእኛው እንደገና ተከፈተ። እናታችን አንድ እግሯን ብቻ ተጫምታ መንገድ ላይ ወጣች። «ድምፅ ቀንሱ፣ ሰው ይሰማል» እያለች ያሳደገችን ሴት፣ ሰፈሩን ሁሉ እያሰማች ጮኸች።

«አንተ ልጅ፣ ተመለስ! አለች! ልጄ ናት። አስተማሪ ናት። ጻፋት!»

እኔ አለቀስኩ፤ ብትስቂም ሳቂ።

ሐኪሟ መጥተሽ እንድትመረመሪ ትፈልጋለች። አንድ ጊዜ ወድቆ በዚያው የሚቀርለት ሰው ብዙ ነው፣ ቢደግምሽም መድኃኒት አለው፣ ማስተማርሽንም የሚከለክል የለም ብላለች። እኔም ለርእሰ መምህሩ ሰኞ ትገባለች ብዬዋለሁ፤ ውሸታም አታድርጊኝ።

እናታችን ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣለች። «ምን ልበልልሽ?» አልኳት።

«አፍሬባት አይደለም፣ ፈርቼላት ነው በልልኝ» አለችኝ። «ደግሞ ትምጣ በልልኝ። እኔው ራሴ ት/ቤቱ በር ድረስ አደርሳታለሁ፤ በዋናው መንገድ።»

ወንድምሽ፣ በር አንኳኪው