የኤድመንተኑ አባት መልስ

ሰኞ

ዛሬም ለሕዝብ አስተያየት ጥናቱ ከድንበር ማዶ ያሉ ካናዳውያንን በስልክ ስጠይቅ ዋልኩ። የሀብታም አገር መሪዎች በኢኮኖሚ ጉባኤያቸው ላይ ምኑን ያስቀድሙ? የኑሮ ውድነትን፣ የአየር ንብረትን፣ ረሃብን ወይስ ጦርነት ማስቆምን? አንዱን ብቻ ይምረጡ። አንዲት የዊኒፔግ ሴት "እራት በልተው፣ ፎቶ ተነስተው ይበተናሉ" ብላ ሳቀችብኝ። ሌላው የቤት ኪራይ ነው የሚያንገበግበኝ፣ ጉባኤውን ተዪው አለ። እኔ የተጻፈውን ማንበብ እንጂ አስተያየት መስጠት አልችልም።

ሥራው ያደነዝዛል። ግን ከቤት የሚሠራ ሌላ አላገኘሁም፤ አባዬን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ከዚህ ላንድማርክ ሰፈር ካለው አፓርታማችን ትቼው መውጣት አልችልም። ወንድሜ የሚኖረው እዚሁ ቅርብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ና ባልኩት ቁጥር "ቤልትዌዩ በመኪና ተዘጋግቷል" ይላል። ቤልትዌዩ ለእሱ ብቻ ነው የሚዘጋው።

ማክሰኞ

ጉድ ሠራሁ። ኤድመንተን ስደውል ያነሱት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ስሜን ስነግራቸው ወዲያው አማርኛ ጀመሩ። "የማን ልጅ ነሽ? እናት አባት ደህና ናቸው?" አባቴ የሚሆኑ ሰው ሰላምታ ሲያወርዱ እንዴት ብዬ ላቋርጥ? ሁሉን መለስኩ፣ እኔም ጠየቅኋቸው፤ ጊዜው ነጎደ። ከዚያ ጥያቄውን አነበብኩ።

"የቱን ጥዬ የቱን ላንሳ ልጄ? ሁሉም የሰው ነፍስ ነው" አሉ። ደግሜ አነበብኩ። ያኔ አባዬ ከመታጠቢያ ቤት ተጣራ። ሽማግሌው "እንግዲያው አንቺ ምረጪልኝ" አሉኝ።

"ረሃብ ልበልልዎት?"

"እንዳልሽ።"

ረሃብ ብዬ ሞላሁና ስልኩን ዘግቼ ሮጥኩ። አባዬ ግድግዳውን ይዞ ቆሟል። እግዜር ይመስገን አልወደቀም።

ረቡዕ

አለቃዬ ሊንዳ ቴክስት አደረገችልኝ። የኤድመንተኑ ጥሪ ከወትሮው ስለረዘመ ሊጣራ ነው። ሌላ ሰው ለሽማግሌው ደውሎ ጠያቂዋ መልስ ጠቁማዎታለች ወይ ይላቸዋል። አዎ ካሉ ሥራው አበቃ።

ወንድሜ "ቀድመሽ ደውዪና እንዲህ በሉልኝ በያቸው" አለኝ። ስልካቸውን ሲስተሙ ደብቆታል። ባገኘውስ፣ ሽማግሌን ዋሹልኝ ይባላል?

ሐሙስ

ወሬ የለም። ከሥራው ብባረር አባዬን ለማን ትቼ አርሊንግተን ኤርፖርት ሥራ እገባለሁ? ከሶፋው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ሶፋው። እስረኛ እንኳ ፀሐይ የሚሞቅበት ሰዓት አለው። አባዬ "ምነው ዛሬ?" አለኝ። ራሴን አሞኛል አልኩት። ፈራሁ እኮ።

ዓርብ

ሊንዳ ኮል አደረገችኝ። ተርፌያለሁ። "ስላንቺ ያሉትን ስሚው" ብላ የማጣሪያ ጥሪውን የድምፅ ቅጂ ከፈተችልኝ።

"ማንም ይህን ምረጥ አላለኝም፣ የመረጥኩት ራሴ ነኝ" ይላሉ ሽማግሌው፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። ከዚያ ደግሞ፣ "መልሴን ብለውጥ ይቻላል? እኔ እንኳ ጦርነት ይቁም ማለት ነበር የፈለግሁት። ልጄ አገር ቤት ጦርነት ውስጥ ነው ያለው። ለራሴ ማድላት መስሎኝ አፈርኩ።"

አጣሪዋ አይቻልም አለቻቸው፤ ጠያቂዋ ካልተሳሳተች መልሱ አይነካም።

"አይ፣ እሷ አልተሳሳተችም። ተዪው እንግዲህ" አሉ።

ሊንዳ "ጉድ ጆብ" አለችኝ። እኔ ነኝ የጠቆምኳቸው፣ አስተካክሉላቸው ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አባዬ ሶፋው ላይ አንገቱን ደፍቶ ያንቀላፋል። ቴንክ ዩ ብዬ ዘጋሁ።