ሊማሊሞ ላይ ሾፌራችንን ስላስተኛው የሳል ሽሮፕ

ለክቡር አቶ አለነ ዳኛው
የመድኃኒት ቤት ባለቤትና የእድራችን ሊቀ መንበር
ጎንደር

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት፣ በሊማሊሞ የድንጋይ ግንብ ጥንካሬና በወይዘሮ ይመኙሽ ክንድ ይኸው በሕይወት አለሁ።

ይህን ደብዳቤ አሽጌ በእጅዎ ላደርስ ይገባኝ ነበር። ነገር ግን እርስዎ መድኃኒትዎን በገበያ ሕዝብ ፊት ድምፅዎን ከፍ አድርገው የሚያመሰግኑ ሰው ስለሆኑ፣ የእኔን ምስጋና በጓዳ ማቅረብ ነውር መስሎ ታየኝና በግልጽ ጻፍኩት። ማመልከቻ መጻፍ እንጀራዬ ነውና ልማዴ ሆኖ ቅሬታዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

፩ኛ፤ የጭነት መኪና ሾፌሩን ቢያዝን ካሴን ያውቁታል። ክረምቱ ሲወጣ አክታ ያለው፣ ደረት የሚሰነጥቅ ሳል ያዘውና ወደ እርስዎ መጣ። እኔም ለራስ ምታቴ መጥቼ ከጎኑ ቆሜ ነበርና የሰማሁትን እመሰክራለሁ። እርስዎ ሥራው ምን እንደሆነ፣ መጠጥ ይቀምስ እንደሆነ በመጠየቅ አላደከሙትም። ጠርሙስ አውርደው «ሳሉ በመጣ ቁጥር ጎንጨት በልለት፤ ጸጥ ያደርገዋል» አሉት።

ቢያዝን የዋህ ነውና «በማንኪያ ነው ወይስ በብርጭቆ?» ብሎ ጠየቀ።

«ሳልህ በማንኪያ እየተሰፈረ ነው የሚመጣው?» ሲሉት ሱቁ በሳቅ ሞላ። በጠርሙሱ ላይ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውን ረጅም ጽሑፍ ምን እንደሚል ሲጠይቅዎትም «የፋብሪካው አድራሻ ነው» ብለው አሰናበቱት። ስለዚህ ፈጣን መስተንግዶ ከልብ እናመሰግናለን።

፪ኛ፤ ይህኛው ቅሬታዬ ከፊተኛው ይረዝማልና ይታገሡኝ። በማግስቱ የእኅቴን ልጅ ክርስትና ለማንሣት ወደ ዛሪማ ስሄድ በቢያዝን መኪና ተሳፈርኩ። ወይዘሮ ይመኙሽ፣ በርበሬ ነጋዴዋ ጎረቤቴ፣ በመካከላችን ተቀምጠዋል። ቢያዝን ትእዛዝዎን አክብሮ ሳሉ በመጣ ቁጥር ይጎነጫል። ደባርቅ ላይ ብርዱን ለመስበር አረቄ ቀመሰ፤ በላዩ ላይም ሽሮፑን ደገመበት። ሊማሊሞን መውረድ ስንጀምር ሳሉ ጨርሶ ጠፋ። ከሳሉ ጋር ወሬውም ጠፋ።

«ቢያዝን፣ ምነው ዝም አልክ?» አልኩት።

«ሸጋ ነው አያ ሐብተ ማርያም፤ ሰውነቴ ሁሉ ጥጥ ሆነልኝ» አለኝ።

ይህን ብሎ ብዙም ሳንሄድ አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ። የፊት ጎማው ከገደሉ ዳር ያለውን ግንብ መታ፤ ግንቡም ቻለ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አቡነ ዘበሰማያት ስጀምር ወይዘሮ ይመኙሽ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ወደ ተራራው ሳቡት። መኪናው ዐለቱን እየፋቀ ሄዶ ቆመ። በእውነት ልመስክርልዎ፤ በዚያች ሰዓት ቢያዝንን አንድም ጊዜ አላሳለውም።

ቀጥሎ የሆነው ግን ለቀልድ አይመችም። ቢያዝን አልነቃ አለን። ትንፋሹ በረጅም ጊዜ አንዴ፣ ያውም በጭንቅ ይመጣል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። ወይዘሮ ይመኙሽ በጥፊ እኔ በውኃ ስናጣድፈው ቆይተን በመጨረሻ ዓይኑን ገለጠና «ደረስን?» አለ። «ለጥቂት ነበር» አሉት ወይዘሮ ይመኙሽ። ከዚያም ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ።

ከዛሪማ በሚወጣ መኪና ተሳፍረን ጎንደር ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠ፤ የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ጠርሙሱን ተቀብሎ የፋብሪካውን አድራሻ አነበበልን። እንዴት ያለ ረጅም አድራሻ ነው ጌታዬ!

«ይህ ሳል የሚያፍን መድኃኒት ነው» አለን። «ለደረቅ ሳል፣ በልክ ተሰፍሮ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው። አክታ ያለው ሳል ሲታፈን ቆሻሻው ደረት ውስጥ ይቀራል። መድኃኒቱ ያስተኛል፤ የወሰደው ሰው መኪና አይነዳም። ከአረቄ ጋር ሲደባለቅ ትንፋሽ ያቆማል። ሲያዘወትሩት ሱስ ይሆናል። ለሕፃን ደግሞ ፈጽሞ አይሰጥም።»

ሆድ እንደሚያደርቅም ጨምሮ ነገረን፤ ይህን ግን ቢያዝን ቀድሞ ደርሶበት ነበር። የጭነት መኪና ሾፌር ጭነት ማራገፍ ሲያቅተው ማየት ምንኛ ያሳዝናል!

፫ኛ፤ ሐኪሙ «ሕፃን» ሲል ወይዘሮ ይመኙሽ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። ጎረቤታችን አየለች ለምታጠባት ልጇ ያንኑ ሽሮፕ ከእርስዎ ገዝታ ነበርና። ነጠላቸው መንገድ ላይ ወድቆ ሳያነሡት ሮጡ። ሲደርሱ አየለች «እሰይ፣ ዛሬ እንኳ ሳያስላት ተኛችልኝ» ብላ ደስ ብሏት ተቀምጣለች። ሕፃኗ ግን ጡት ቢያቀርቡላት አትይዝም፤ ቢቆነጥጧትም አታለቅስም። ሆስፒታል ወስደዋት ሐኪሞቹ ሲረባረቡላት ዋሉ። ወደ ማታ ጮኻ ስታለቅስ እናቷ ወለሉን ሳመች። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ጩኸት ሰምቼ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ልነግርዎት ስመጣ «ታዲያ ሳሉ ቆሟል አልቆመም?» አሉኝ። ቆሟል ጌታዬ። ሰው ትንፋሹ ከቆመ ሳሉ የት ይሄዳል? መድኃኒቱንም ቀብሩንም ከአንድ እጅ ማግኘታችን ለእድራችን አባላት ትልቅ መታደል ነው፤ ሌላው ከተማ ለዚህ ሁለት ሰው ያስቸግራል።

ቢያዝን ሐኪሙ ለሳንባ ምቹ ያዘዘለትን መርፌ ጨርሶ ድኖ ወደ መሪው ተመልሷል። የአየለች ልጅም ጡቷን ትጠባለች። ስለዚህ ካሣ አልጠይቅም። የምለምንዎት ጠርሙስ ከመስጠትዎ በፊት የሚወስደው ማን እንደሆነ፣ ዕድሜውንና ሥራውን እንዲጠይቁ፣ ልኩን በማንኪያ እንዲያሳዩ ብቻ ነው። ይህ ከከበደዎት አይጨነቁ፤ ከነገ ጀምሮ ወንበሬን ከበርዎ ፊት ለፊት አኑሬ፣ የሐኪሙን ቃል በትልልቅ ፊደል ጽፌ፣ ለሚገባውም ለሚወጣውም እያነበብኩ አግዝዎታለሁ።

ረጅም ዕድሜ፣ ሰፊ ገበያና ከሁሉ በላይ ጥቂት የመጠየቅ ትዕግሥት እንዲሰጥዎ ዘወትር እየጸለይኩ፣ ከወገብ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ለጊዜው በመተንፈስ ላይ ያለው ደንበኛዎ
ሐብተ ማርያም ክንዱ
የማመልከቻ ጸሐፊ
ጎንደር፣ ጥቅምት ፲፱፻፵፰ ዓ.ም.

ማስታወሻ፤ ይህን ጽፌ ሳበቃ የቤት ሠራተኛዎ ማርና ጦስኝ ገዝታ ስታልፍ አገኘኋት። «ለማን ነው?» ብላት «ጌታዬን ጉንፋን ይዟቸው ሲያስላቸው ሰነበተ፤ ከሱቁ ላምጣልዎ ብላቸው ተቆጡኝ» አለችኝ። እግዚአብሔር ይማርዎት። በጣም ደስ ብሎኛል፤ ለካ ጥንቃቄ የሚባለውን ነገር ያውቁት ኖሯል።