አጠያየቅ እስክንማር ስለሚጠብቀን ድልድይ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ሰራዊት፣ ለቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ወንበሩስ ተመችቶዎታል? እኛ የወንዙ ማዶ ነዋሪዎች፣ ድልድያችንን አምና ክረምት ጎርፍ ከወሰደው ወዲህ ማንጎ ተሸክመን፣ ቀሚሳችንን ሰብስበን ውሃ ለውሃ ወደ አሶሳ ገበያ ከመሻገራችን በቀር ደህና ነን።

የምጽፍልዎት ላመሰግንዎት ነው። ጎረቤቴ ነዕማ በመስኮትዎ ጎንበስ ብላ "ድልድይ መቼ ይሠራል?" ብትልዎት "መጀመሪያ አጠያየቅ ተማሪና ነይ" ብለው መለሷት። አፏን የፈታችው በበርታኛ ቢሆንም ጥያቄዋ ገብቶዎታል፤ ባይገባዎትማ አይቆጡም ነበር። እኔም ከወሎ በሰፈራ ከመጡ ወላጆች እዚሁ ተወልጄ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ወሬ ሳበዛ የኖርኩት ሴት፣ በእርስዎ ምክንያት አስተማሪ ሆንኩ። ማንጎ ዛፍ ሥር ዘጠኝ ሴቶች አስተምራለሁ፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የትምህርቱን ሂደት እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. "መቼ ይሠራል?" ድፍረት ስለሆነ "መቼ እንደሚሠራ ቢነግሩን ብለን ነው" ማለትን ተማርን። ማክሰኞ ዘጠኙም ተሰልፈው ተራ በተራ ይህንኑ ጠየቁዎት፤ ዐፊፋማ "ይቅርታ ያድርጉልኝና" የምትል ጨመረችበት። ጥያቄው አማረበት፤ ወንዙ ግን ያው ነው።

2ኛ. "ባለሙያ ከመጣ፣ በጀት ከተለቀቀ፣ ዝናብ ካልቀደመን እናያለን" ያሉንን ለቤት ሥራ ወሰድነው። ሦስት "ከሆነ" ቆጥረን፣ የሚሠራ ሰው ግን አጣንበት። ነዕማ እንዳለችን በእነሱ ቤት "እንዲህ ከሆነ" ብሎ የጀመረ ሰው ምን እንደሚያደርግ ሳይናገር ዝም አይልም፤ ነውር ነው። የእናቴም የወሎ አማርኛ እንደዚያው ነበር። የእርስዎን ከየት እንዳመጡት ለማወቅ ጓጉተናል።

3ኛ. ለድልድዩ የመጣው ጣውላ ከጥር ጀምሮ ግቢዎ ውስጥ ተቆልሎ ፍየል ይተኛበታል። ይህ ጥያቄ አይደለም፣ እንዲያው እንዲያውቁት ነው።

ማንጎው እየበሰለ፣ ደመናውም እየከበደ ስለሆነ ፈተናውን አስቀደምነው። እያንዳንዷ በ"ከሆነ" የራሷን ዐረፍተ ነገር እንድትሠራ ታዘዘች። በለጡ "ወንዙ ከሞላ ማንጎዬን ማን ይበላዋል?" አለች። የነዕማ ግን "ባለሙያዎቹ እስከ ሰኞ ካልመጡ፣ እኛ እንሠራለን" የሚል ነበር። እርማት ፈልጌ አጣሁባትና ሙሉ ነጥብ ሰጠኋት።

በመስኮትዎ ፊት ጎንበስ እያልን ወገባችን ስለጠነከረ፣ ለጣውላ መሸከሚያም ስለሚረዳን፣ ምስጋናችን ከልብ መሆኑን እገልጻለሁ።

አክባሪ ተማሪዎችዎን በመወከል፣
አገኘሁሽ፣ ከወንዙ ማዶ

ማሳሰቢያ፦ ጣውላው ሃያ ሁለት ነው፤ ቆጥረነዋል። ማክሰኞ ጠዋት ግቢው ባዶ ሆኖ ካገኙት፣ የት እንደሄደ ለመጠየቅ ወደ ወንዙ ብቅ ይበሉ። የዚያን ቀን ጠያቂው እርስዎ ስለሆኑ፣ እዚህ አገር ስምንት ዓመት እንደኖረ ሰው በበርታኛ ቢጠይቁን ደስ ይለናል። ባይችሉም አይሳቀቁ። ነዕማ እንደምንም ትረዳዎታለች እንጂ "ተማርና ና" ብላ ሰው የምትመልስ ሴት አይደለችም።