በቀትር አቤት አይባልም

ግንቦት 4፣ ሰኞ

አንተ ደብተር፣ ዛሬም ጥፍሬ ውስጥ ፍግ አለ። ሁለቴ በሳሙና ታጠብኩ፣ አልወጣም። ገጽህ ከሸተተ ቻለው፣ የበግ ነው።

ጠዋት 2፡30 ሐኪም ጋራ፣ እትዬ አስካለ ጓሮ። ከሰፈሬ ከቡዳ በር በእግሬ፣ ዳገት ለዳገት። የዛሬው ትምህርት የቃሪያ ችግኝ ማዛወር። እትዬ አስካለ ሥሩን ከነአፈሩ አንስተው እንደ ሕፃን አቅፈው ያሳዩናል። (ከአሁን ወዲያ እ/አ፣ እጄን ያመኛል።) ሰባ ምናምን ዓመታቸው ነው። ባላቸው ሻምበል ነጋ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆነ። ጓሮውን ብቻቸውን ይዘው ቀሩና አሁን ለጀማሪ ሁሉ በነጻ ያስተምራሉ። ከተማሪ የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፣ አርፎ መስማት። እኔን ሲቀበሉ አልጠየቁም ማለት ነው።

ሦስት ነን። እኔ፣ ፈተና ወድቃ ቤት ከምትዞር አፈር ትቆፍር ብላ እማዬ የላከችኝ። ረምላ፣ ከጀጎል፣ ጓሮ የላትም፣ ሰገነቷ ላይ በተቆረጠ ጀሪካን ሰላጣ ልታበቅል ነው። መ/ር ደሳለኝ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር። የውሃውን መጠን በደብተር ይመዘግባል።

ቅዳሜ ከጊደር መጋላ ገበያ አንዲት ቀይ ቲማቲም ገዝቼ ነበር። ዛሬ መ/ር ደሳ ሳያይ የቲማቲም ችግኙ ላይ በክር አሰርኩለት። ችግኟ ስንዝር አትሞላም እኮ! በሁለት ሳምንት አፈራ ብሎ ፎቶ አነሳ። ለእናቱ ሊልክ። ረምላ ሳቋን በሻርፗ አፈነች። እ/አ መጡ፣ ክሩን ቆረጡ፣ ቲማቲሟን በሉ። አንድም ቃል አልተናገሩም። እኔን እያዩ አኘኩ ብቻ።

6 ሰዓት ላይ ሥራ ቆመ። ሕጋቸው ነው። በቀትር ማንም ከጥላ አይወጣም። ስምህን አንዴ ከተጠራህ ደግሞ አቤት አይባልም። ሰው ከሆነ ይደግማል፣ ይሠልሳል። ሰው ያልሆነ ሦስቴ መጥራት አይሆንለትም አሉ። መ/ር ደሳ ምክንያቱን ጠየቀ። ረምላ የኛም ቤት እንዲሁ ነው፣ አያቴ ቢስሚላህ ሳትል ዞር አትልም አለች።

እኔ ምን እንዳሰብኩ አንተ ታውቃለህ።


ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ቆይ፣ መጀመሪያ ትምህርቱን ልጻፍ።

ጊሽጣ። እ/አ የሚወዱት ዛፍ። አበባው ሲከፈት ሴት ነው፣ በማግስቱ ወንድ ይሆናል። ብቻውን ተወት ካደረግከው አሥር አበባ አብቦ አንድ አያፈራም። ስለዚህ ማታ ማታ ከወንዱ ዱቄቱን በክብሪት ቀፎ ያራግፋሉ፣ ጠዋት በዶሮ ላባ ሴቷን ይቀቧታል። ሻምበል ያስተማሯቸው ነው። ጠዋት ሴት፣ ማታ ወንድ፣ እንደ እኔ ድምፅ ነው አልኩ። መ/ር ደሳ ብቻ ሳቀ፣ እሱም ዘግይቶ።

አሁን ወደ ጉዱ። የማንንም ድምፅ እቀዳለሁ፣ ታውቃለህ። የሻምበልን ደግሞ ልጅ ሆኜ ዘይቱናቸውን ስሰርቅ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አንቺ የሰይጣን ቁራጭ! እያሉ ሲያባርሩኝ። ከአፍንጫ የሚወጣ ወፍራም ድምፅ።

6 ሰዓት። ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ ከጓሮው የድንጋይ ካብ ጀርባ ዞርኩ። ሐሳቤ እሳቸው ሕጋቸውን ሲያፈርሱ ይዣቸው ልንስቅ ነው። ሌላ የለም። ምን ይመጣል ብዬ!

በሻምበል ድምፅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። "አስካለ!"

ከዚያ ጸጥ። ወፍም የለም። ቀጥሎ እ/አ "አቤት!" አሉ። ደብተር፣ የሰባ ዓመት ድምፅ አልነበረም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ድምፅ ነበር። ውሃ ማጠጫው ሲወድቅ ሰማሁ።

ስመጣ ጊሽጣው አጠገብ ቆመዋል። ፀሐይ ላይ። ፈገግ ብለዋል። ረምላ አስተግፊሩላህ ትላለች። መ/ር ደሳ የፈሰሰውን ውሃ ያያል።

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እንደዚያ ፈገግ ያለ ሰው ፊት እንዴት ይባላል?


ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

እ/አ ከረቡዕ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። ጎረቤት ምስር ወጥ አምጥታ እንዳለ መልሳ ወሰደች። የተጠራ ሰው ማዕድ አይቀርብም ይላሉ። ውሃም ከንፈር ለማርጠብ ብቻ።

የነፍስ አባታቸውን አስጠርተው ነበር። ነጭ ልብስ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ማንም ሳይነግረኝ ለምን እንደሆነ ገባኝ።

ዛሬ ሲያስተምሩ የሚያባርራቸው ያለ ነው የሚመስለው። የሎሚ ቅርንጫፍ አቆራረጥ፣ የጎመን ትል በአመድ፣ ሮማን ለምን እንደሚሰነጠቅ (ውሃ አቋርጠህ ድንገት ስትለቅበት ነው)፣ ሁሉንም በአንድ ጠዋት። መ/ር ደሳ ገጽ አለቀበት። ከዚያ ማከፋፈል ጀመሩ። ሎሚዎቹን ለመ/ር ደሳ፣ እየመጣህ አጠጣ ብለው። ሮማኗን ለረምላ። ላባውንና የክብሪት ቀፎውን ለኔ። "ያንቺ እጅ አያርፍም፣ ለዚህ ይሆናል" አሉ።

እጃቸው ደረቅ ነው። ቀላል ነው። ጨዋታ ሞከርኩ፤ እትዬ፣ ዛፉን ወስጄ ብሸጠውስ? አልኩ። አልሰሙኝም። ጊሽጣውን ነው የሚያዩት።

በቀልድ ሰው ልገድል ነው። ይኸው ጻፍኩት።


ግንቦት 11፣ ሰኞ

ነገርኳቸው።

ጠዋት ማንም ሳይመጣ ሄድኩ። አበባ እየቀቡ ነበር፣ ተቀምጠው፣ መቆም አቅቷቸዋል። እግራቸው ላይ ወድቄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ካቡን፣ ድምፁን፣ አስካለ ማለቴን። እንዲያምኑኝ ደግሜም በሻምበል ድምፅ አሰማኋቸው። አሁንስ በጥፊ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። ተመኘሁም።

ሳቁ። ራሴን ዳበሱኝ። "አወቅሁሽ እኮ፣ ልጄ። ድምፁን ይዘሽዋል፣ አጠራሩን ግን ስተሽዋል።"

ሻምበል በአርባ ስድስት ዓመት ትዳር አንድ ቀን እንኳ አስካለ ብለው አያውቁም አሉ። እሙሻ ነው የሚሏቸው። ቤት ውስጥ ብቻ፣ በር ተዘግቶ። ልጆቻቸው እንኳ አያውቁም። ረቡዕ ሁለቴ ነው የተጠሩት። አንዱ ከካቡ ጀርባ፣ አስካለ፣ እሱ እኔ ነኝ። ሌላው ወዲያው ተከትሎ ከጊሽጣው በኩል፣ እሙሻ።

አቤት ያሉት ለሁለተኛው ነው።

እኔ ሌላ ድምፅ አልሰማሁም አልኩ። አንቺን አልጠራማ፣ አሉ። እንደ ቀላል ነገር። ከዚያ ሴቷን አበባ በጣታቸው ገልጠው ዱቄቱን እዚህ ድረስ አግቢው አሉኝ።

ዳገቱን በሩጫ ወረድኩ።


ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ጀጎል ሄጄ ረምላን አገኘኋት። ሰገነቷ ላይ ሰላጣዋ በቅላለች። ረቡዕ ስንት ጥሪ ሰማሽ አልኳት። ምንም አልነገርኳትም ገና።

ሁለት፣ አለች። ሁለቱም አንቺ ነሽ ብዬ ነው እኮ የናቅኩት፣ ወላሂ! ሁለተኛውን ግን ቃሉን አልያዘችውም። ቀረብ ያለ ነበር አለች። በጣም ቀረብ ያለ፣ ጆሮዋ ላይ።

መ/ር ደሳን በስልክ ጠየቅኩት። አንድ፣ አለ። ከዚያ ሰናይት፣ ይህም እንደ ቲማቲሟ ከሆነ አይበጅም አለ።

እማዬ ክሊኒክ ይወሰዱ ትላለች። ጎረቤት ሞክራለች፣ እምቢ ብለዋል። በሽታ የለብኝም፣ ቀጠሮ ነው ያለብኝ አሉ።

ተኝቼ ሳስብ አንድ ነገር መጣልኝ። ሕጉ ራሱ። ሰው ያልሆነ ሦስቴ አይጠራም። አንዴ ለጠራ አቤት ብለው መንገድ ከጀመሩ፣ ሦስቴ ለጠራ ሰው ደግሞ አቤት ቢሉስ? ይመለሱ ይሆናል። ፈተና የወደቀች ልጅ ሐሳብ ነው። ሌላ ሐሳብ ያለው ሰው ግን አላየሁም።


ግንቦት 13፣ ረቡዕ

በፍጥነት ልጻፍ።

ሦስታችንም ነበርን። እ/አ ጊሽጣው ሥር ቁርበት ላይ ጋደም ብለዋል። 6 ሰዓት ሊሆን ሲል ነፋሱ ቆመ። የቃሪያው ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። እሳቸው ቀና አሉ፣ ሊሰሙ።

ቀደምኩ። በራሴ ድምፅ፣ በማንም አይደለም፣ ተደብቄ አይደለም፣ ፊት ለፊታቸው ቆሜ። እትዬ አስካለ! ዓይናቸው ከጊሽጣው ቅርንጫፎች አልተነሳም። እትዬ አስካለ! ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ሦስተኛውን ስጠራ ድምፄ ተሰበረ፣ ለቅሶ ሆነ።

"አቤት" አሉ። ተናደው! "አቤት፣ ምን አጠፋሁ ብለሽ ነው የምትጮሂብኝ?" የራሳቸው ድምፅ፣ የሰባ ዓመቱ። ከዚያ ረምላን ውሃ ስጪኝ አሏት። ኩባያ ሙሉ ጠጡ። ዳቦም ቆረሱ፣ ነክረው። ረምላ አልሐምዱሊላህ እያለች ታለቅሳለች፣ መ/ር ደሳ ኩባያውን በሚሊ ሊትር ይመዘግባል። ያበደ ነው።

እ/አ ግን ነገም መጥቶ ይጠራኛል አሉኝ። በየቀኑ ነው የሚመጣው። ቀድሞ የሚጠራኝ ሰው ካለ እቆያለሁ፣ ከሌለ እሄዳለሁ፣ አሉ። ሲናገሩት አልፈሩም። ምርጫው ለኛ የተተወ ይመስል።

ዕቃ እየሰበሰብን ነበር። እኔ ላባውን ላጥብ ወደ በርሜሉ ጎንበስ አልኩ።

"ሰናይት!"

ከካቡ ጀርባ። አንዴ።

መ/ር ደሳ ፊቴ ነበር። ረምላና እ/አ ቁርበቱን እያጠፉ ነበር። ደብተር፣ የጠራኝ ድምፅ የኔ ነው። የራሴ ድምፅ። ትንሽ ከአፍንጫ የሚወጣ፣ ስቀልድ የሚሆነው።

ምላሴን ነከስኩ። ደም መጣ። ሁለተኛውን ጠበቅኩ። አልመጣም።


ግንቦት 14፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ሌሊቱን አሰብኩበት። ትናንት ስንለያይ ሦስታችን ተራ አውጥተናል። በየቀኑ ቀትር ላይ አንዳችን እዚያ እንሆናለን፣ እ/አን ሦስቴ የምንጠራ። ዛሬ ተረኛዋ እኔ ነኝ። አበባም መቀባት አለ፣ ትናንት ማታ ዱቄት ሰብስቤያለሁ።

ረምላን ደወልኩላት። ከዛሬ ጀምሮ እኔንም ስትጠሪኝ ሦስቴ ጥሪኝ፣ አደራ፣ አልኳት። ለምን አለች። ነገርኳት፣ በድምፄ መጠራቴን።

ሳቀች። አንቺ ልጅ፣ አሁንስ በቃሽ! አለች። ማልኩላት። ባሰባት፣ ይበልጥ ሳቀች። መ/ር ደሳ ደግሞ ጭራሽ ስልኩን አላነሳም።

ይሁን። እሄዳለሁ። እሳቸውን የሚጠራ ሰው ያስፈልጋል። እኔን ግን ዛሬ ማንም ቢጠራኝ፣ እማዬም ብትሆን፣ አንዴ ቢሆን፣ ሁለቴ ቢሆን፣ ሦስተኛውን ሳልሰማ አቤት አልልም።