ሳይመረጥ የተቀመጠ ስም

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ውዴ፣

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ለቀቅ አደረገሽ ወይስ እንደለመድሽው ሐኪም ቤት ሄጃለሁ እያልሽ ትዋሺናለሽ? የእማዬ ዓይንስ ተሻለው? ልጅሽ ሚናስስ ትምህርቱን ይከታተላል ወይስ ኳሱን? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነኝ፤ ሥራዬም ቤቴም ደህና ነው፤ ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም።

በወረቀት የጻፍኩልሽ ነገሩ በስልክ የማይነገር ስለሆነ ነው። አንቺ ሲደወልልሽ ድምፁን ለቀሽ ጠረጴዛ ላይ ነው የምታስቀምጪው፤ እማዬም ጎረቤቱም ይሰማል። ጓደኛዬ ራሔል ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ስለምትበር በእሷ እጅ ልኬዋለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ለእማዬ ጮክ ብለሽ የምታነቢላትን ስደርስበት እነግርሻለሁ።

ጋሼ ባንታየሁ ያሉትን ሰምቻለሁ። ወንድማችን ኪሩቤል ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ሦስት ዓመት አለፈው፣ ድምፁም ጠፋ፣ እንግዲህ ጾሙ ሲገባ ለቅሶውን ተቀምጠን እንገላገል ብለዋል አይደል? አንቺ ደግሞ «እሱ ያለፈበት ከተማ ያለሽው አንቺ ነሽ፤ ቁርጡን አንቺ ተናገሪ» ብለሽ ነገሩን እኔ ላይ ጣልሽው። መልሴን ከመስጠቴ በፊት እዚህ የገጠመኝን ላውራሽ፤ በጠባይ የአጎታችን የጋሼ ባንታየሁ መንትያ የሆኑ ሰው ናይሮቢ ላይ አግኝቻለሁና።

እዚህ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ እሁድ እሁድ የሚጸለይላቸውን ሰዎች የክርስትና ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፈን ለካህኑ እንሰጥ ነበር። አሁን ኮሚቴው በስልክ ይሁን አለ። መሥሪያ ቤቴ የምሠራው የስልክ ገጾችን መንደፍ ስለሆነ ሥራው በነጻ እኔ ላይ ወደቀ። ነገሩ ቀላል ነው። ስልክሽን ስትነኪ አንዲት ትንሽ መስኮት ትከፈታለች፤ ቀድመሽ ያስቀመጥሻቸው ስሞች ይደረደራሉ፤ ለዛሬ የሚጸለይለትን ትመርጫለሽ፣ ከሌለ አዲስ ትጨምሪያለሽ፣ የተሳሳተውን ታርሚያለሽ። ለአንድ ሰው የአንድ ሳምንት ሥራ ነበር፤ ኮሚቴ ስለገባበት ሁለት ወር ፈጀ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሀብተወልድ ይባላሉ። ኢስትሊ በሚባለው ሰፈር ጎማ ይነግዳሉ፤ ጎማ ስለሸጡ ሁሉን ነገር የሚያውቁ ይመስላቸዋል። «ማረሚያ» የሚለው ላይ ትንሽ የእርሳስ ሥዕል አድርጌ ነበር። እርሳስ የተማሪ ነው፣ ብዕር ይሁን አሉ፤ ለዚህ ተብሎ ቅዳሜያችን በስብሰባ አለቀ። ቀጥለው ከክርስትና ስሙ በፊት የማዕረግ መምረጫ ይግባ አሉ፤ አቶ፣ ኢንጂነር፣ ዶክተር። እግዚአብሔር ዶክተሩን ከተራው ሰው ጋር ወረፋ እንዳያስይዝባቸው ሰግተው ይሆናል። የተሰበሰበው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም አስገባሁላቸው።

የተጣላነው ሌላ ቦታ ላይ ነው። አንድ ስም ሲመዘገብ «በሕይወት ያለ» ወይም «ያረፈ» የሚል ምርጫ አለው፤ ካህኑ ሕያዋኑን ለብቻ፣ ያረፉትን ለብቻ ነው የሚጠሩት። እኔ የፈለገ ባዶ ትቶት እንዲያልፍ አድርጌ ነበር። አቶ ሀብተወልድ መነጽራቸውን አወለቁና «ሰው ወይ አለ ወይ የለም፤ መሃል ላይ የቆመ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ። ኮዱን የሚጽፈው ቶማስ፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፣ «ሪኳየርድ እናድርገው፣ ግዴታ ይሁን፣ ካልመረጡ ሴቭ አይልም፣ ባሲ» ብሎ በስዋሂሊ «በቃ» አሳጠረው። እንደተባለውም ግዴታ ሆነ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ለሕዝብ ሲታይ፣ የመጀመሪያውን ስም አንቺ አስገቢ አሉኝ። እጄ ሳላስበው የኪሩቤልን የክርስትና ስም ኃይለ ሚካኤልን ጻፈ። «አስቀምጥ» የሚለውን ስነካው መስኮቱ ቀላና «እባክዎ አንዱን ይምረጡ» አለኝ። ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ስጽፈው ጨዋ መስሎኝ ነበር። እትዬ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ አንዱንም መንካት አቃተኝ። አቶ ሀብተወልድ ከኋላዬ ሆነው «ምን ያስቸግራል፣ አንዱን ተጫኚው እንጂ» ይላሉ።  ዘጋሁትና ወጣሁ፤ ስሙም ሳይቀመጥ ቀረ።

ቀሲስ ታዲዮስን ደጅ ላይ አገኘኋቸውና አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። በወረቀቱ ጊዜ ስም ብቻ ተጽፎ፣ ይኑር ይረፍ ሳይባል ሲመጣልዎ ከየትኞቹ ጋር ይጠሩት ነበር አልኳቸው። «ከሕያዋን ጋር ነዋ። መርዶው ያልተነገረኝን ሰው ነፍስ ይማር ብዬ እኔ ልግደለው እንዴ?» አሉኝ። እንደዚያው እጃቸውን ይዤ ወደ አዳራሹ መለስኳቸውና ኮሚቴው ፊት አስደገምኳቸው። አቶ ሀብተወልድ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እኔስ ከመጀመሪያው ይህንን አይደል ያልኩት!» አሉ። ቶማስ እንኳን ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ስልኩ አቀረቀረ። ግዴታው እዚያው ተነሣ፤ ባዶ የተተወ ስም አሁን ከሕያዋን ጋር ይጠራል።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። ኢስትሊ ሄጄ ኪሩቤልን ያሳደረውን የአልጋ ቤቱን ባለቤት ጃፈርን እንደገና ጠይቄዋለሁ። አብረውት ወደ ደቡብ ከተጓዙት ሁለቱ ይደውሉለታል፤ ድንበር ላይ ተለያየን ነው የሚሉት። አየነው ያለ የለም፤ ሞተ ያለም የለም። በሐሰት ላጽናናሽ አልፈልግም፤ እኔም አላውቅም። የማላውቀውን ግን ለማንም ብዬ አልመርጥም።

ጋሼ ባንታየሁ ለምን እንደቸኮሉ እኔም አንቺም እናውቃለን። የልጃቸው የትዕግስት ሠርግ ከፋሲካ በኋላ ነው። በጭፈራው መሃል መርዶ እንዳይመጣባቸው ጾሙ ላይ አስለቅሰውን፣ ነጠላችንን አስዘቅዝቀውን፣ ከዚያ አጥበን ለድንኳኑ እንድንደርስላቸው ነው። ልጁ ሲሄድ መንገድ ድረስ ያልሸኙት ሰው ዛሬ አልቃሽ ሆነው መጡ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ በስልክ «ጉዳዩን እንዝጋው» ያሉኝ ነው፤ ወንድሜ የሱቅ በር መሰላቸው። በይ፣ ልዕልት እምቢ ብላለች በያቸው። መርዶ ነጋሪ ሳይመጣ ለቅሶ አንቀመጥም። ከከፋቸው በእኔ ይክፋቸው፤ ሠርጋቸውንም እንዳሻቸው ይጨፍሩ።

ከዚህ በታች ያለውን ለእማዬ ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

እማዬ፣ ጉልበትሽን ስሜያለሁ፤ የዓይን ጠብታሽን ራሔል ይዛልሻለች። ሚናስ፣ ያዘዝከው ጫማ ቁጥሩ ከጠበበ የእግርህ ጥፋት ነው፤ አያትህን አታስቸግር። እትዬ ውዴ፣ ወገብሽን አሳርፊ። ለጋሼ ባንታየሁም ለትዕግስትም የእግዜር ሰላምታ ይድረሳቸው። ኪሩቤልም ይህ ደብዳቤ ሲነበብ ቤት ደርሶ ከሆነ ደህና ገባህ በሉት፤ አልደረሰም እንደሆነ ሰላምታዬን አስቀምጡለት። እሁድ ስሙን አስገብቻለሁ፤ መስኮቱ ምንም ሳይጠይቀኝ ተቀበለኝ፤ ቀሲስም ከእናንተ ስም ቀጥለው ጠሩት።

እህትሽ ልዕልት
ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ
የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.