ጎባጣዎቹ ዓሣዎች

ኅዳር ፱፣ ሰበታ

ወንድሜ ደረጀ ዛሬ ሰው ሊገድል ነበር። ጠዋት ኩሬያችን ላይ መረብ ጥሎ ሲስብ፣ የወጡት ዓሣዎች በሙሉ አከርካሪያቸው እንደ ማጭድ የጎበጠ ነው። «ገመቹ ነው መርዝ የጨመረብኝ!» አለና የዶማ እጀታ ይዞ ሮጠ።

ኦቦ ገመቹ ጎረቤታችን ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ጥንድ ዓሣዎች የሰጡን እሳቸው ነበሩ። ደረጀ በራቸው ላይ ደበደባቸው። ክንዳቸው ሲሰበር ድምፁን ሰማሁት። እጀታውን ልቀማው ስል በክርኑ አፌን አለኝ፤ ከንፈሬ አሁንም ይደማል።

ሽማግሌው መሬት ላይ ወድቀው እንኳ አልረገሙትም። «ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ እነዚያን ከሰጠሁህ ወዲህ ሌላ ዓሣ ጨምረህበታል?» ብቻ አሉት።

አልጨመረም። ያኔ ገባኝ። ከዚያ ጥንድ በቀር ኩሬው ውስጥ ባዳ ገብቶ አያውቅም፤ እህትና ወንድም፣ አባትና ልጅ እርስ በርስ ሲዋለዱ ኖረዋል። እኛ እኮ ልጅ ስንድር ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች ነን! ዓሣ ምን ዘመድ አለው ብለን ነዋ!

ደረጀ ይኸው ደጅ ቁጭ ብሎ ጎባጣዎቹን አንድ በአንድ በድንጋይ ይጨፈልቃል።

የኦቦ ገመቹን ክንድ ወጌሻ አስሮታል። ቀጥ ብሎ አይገጥምም አለ።